11,608 ለ11,608፦ የቨርጂኒያ 94ኛ የምርጫ ክልል ጉዳይ

ሪችመንድ ከተማ፣ ፓትሪክ ሄንሪ በሚባለው የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰማያዊና ነጭ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል። ከቨርጂኒያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በውሰት የመጣ ነው። ድምፃቸው እኩል የወጣ የሁለት ዕጩዎች ስሞች በሁለት ወረቀት ተጽፈው፣ ድሮ የፎቶ ፊልም ይቀመጥባቸው በነበሩ ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች ውስጥ ገብተዋል። ቀኑ ጃንዋሪ 4፣ 2018 ነው፤ ባሕር ዳርቻው በኩል በረዶ እየወረደ ነው። እኛ ደግሞ የገና ጾም ልንፈታ ሦስት ቀን ቀርቶናል። የግዛቲቱ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን እጃቸውን ሳህኑ ውስጥ ከትተው አንዱን ብልቃጥ አወጡ፤ ከፈቱትና ስሙን አነበቡ። ዴቪድ ያንሲ።

የቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት 100 መቀመጫ አለው። ከዕጣው በፊት ሪፐብሊካኖች 50፣ ዴሞክራቶች 49 ይዘው ነበር። ያንሲ ሪፐብሊካን ናቸው፤ ስማቸው ሲነበብ ፓርቲያቸው 51 ለ49 ሆኖ ምክር ቤቱን ያዘ። የዴሞክራቷ ዕጩ የሼሊ ሳይመንድስ ስም ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ምክር ቤቱ 50 ለ50 ተከፍሎ፣ አፈ ጉባኤ ለመምረጥ እንኳ ሁለቱ ወገኖች ተደራድረው ሥልጣን መካፈል ይገደዱ ነበር። ሳይመንድስ ከቤተሰባቸው ጋር አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ዕጣውን በዓይናቸው አዩት። ያንሲ አልመጡም።

ሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ይህን ታሪክ ቡና ላይ ስናነሣው «አያችሁ፣ አንድ ድምፅ ዋጋ አለው» ብለን እንዘጋዋለን። እውነት ነው። እኔ ግን ጉዳዩን ከሥሩ ከተከታተልኩት በኋላ ልቤ ውስጥ የቀረው ሌላ ነገር ነው። የ94ኛው ክልል ውጤት ሳህኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ብዙ ቦታ ላይ ተወስኖ ነበር፤ ካርታ በተሣለበት ጠረጴዛ፣ የመራጮች አድራሻ በተመዘገበበት ኮምፒውተር፣ አንድ መራጭ እስክሪብቶ ይዞ በቆመበት ከለላ። ዕጣው የመጨረሻው እርምጃ ነበር፤ ምናልባትም ከሁሉ ንጹሑ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር። ቀኖቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኒውፖርት ኒውስ በቨርጂኒያ ደቡብ ምሥራቅ፣ ጄምስ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የሚሠሩት እዚያ ነው። 94ኛው የምርጫ ክልል በዚያን ጊዜ ከዚያች ከተማ የተቆረጠ ነበር። ያንሲ ከ2012 ጀምሮ ይወክሉት ነበር። ሳይመንድስ የከተማው የትምህርት ቦርድ አባል ነበሩ፤ በ2015 ከያንሲ ጋር ተወዳድረው ተሸንፈዋል። በ2017 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። የሊበርታሪያን ፓርቲ ዕጩም ነበር፤ ከ600 በላይ ድምፅ ወስዷል። ያ ቁጥር በኋላ የሆነውን ስናይ ትንሽ አይደለም።

ቨርጂኒያ የግዛት ምርጫዋን የምታካሂደው በጎዶሎ ዓመት ነው። ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት ዓመት የሚወጣው ሕዝብ በዚያ ዓመት ስለማይወጣ፣ ብዙ ሰው የግዛቱ ምክር ቤት ምርጫ መኖሩንም አያውቀውም። 2017 ግን ትራምፕ ዋይት ሐውስ ከገቡ በኋላ የመጣ የመጀመሪያው ትልቅ የግዛት ምርጫ ስለነበር ሕዝቡ ነቅሎ ወጣ። ኖቬምበር 7 የተመዘገበው ተሳትፎ፣ አገረ ገዢ ከሚመረጥባቸው ዓመታት ጋር ሲነጻጸር በሃያ ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር። ዴሞክራቱ ራልፍ ኖርተም ሪፐብሊካኑን ኤድ ጊለስፒን በ9 ነጥብ ገደማ በልጠው አገረ ገዢ ሆኑ። ያን ያህሉ አላስደነቀም። ያስደነቀው የተወካዮች ምክር ቤቱ ነው።

ሪፐብሊካኖች ወደ ምርጫው የገቡት 66 ለ34 እየመሩ ነበር። ዴሞክራቶች አምስት ስድስት መቀመጫ ቢጨምሩ ትልቅ ድል ነው ይባል ነበር። ያን ሌሊት 15 ወሰዱ። ከገቡት መካከል በሕፃንነቷ ከቬትናም በስደት የወጣች ሴት አለች፤ ካቲ ትራን። ኤሊዛቤት ጉዝማንና ሃላ አያላ በምክር ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያዎቹ የላቲን ዝርያ ያላቸው ሴት ተወካዮች ሆኑ። ሥሩ በ1619 ጄምስታውን ላይ የተተከለ ምክር ቤት በአንድ ሌሊት መልኩ ተቀየረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በመላው ግዛት የተሰጠው ድምፅ ሲደመር ዴሞክራቶች 53 በመቶ ገደማ፣ ሪፐብሊካኖች 44 በመቶ ገደማ አግኝተዋል፤ እንዲያም ሆኖ ምክር ቤቱ የሪፐብሊካኖች ሆነ። ይህን ቁጥር የሚጠቅሱ ሰዎች አንድ ነገር ይዘሉታል። ሪፐብሊካኖች ዕጩ ሳያቀርቡ የተውዋቸው ክልሎች ዴሞክራቶች ከተውዋቸው ይበልጡ ነበር፤ ተቃዋሚ በሌለበት ክልል ድምፁ ሁሉ ለአንድ ወገን ስለሚሄድ ድምሩን ያሳብጠዋል። ልዩነቱ የሚባለውን ያህል ባይሆንም አለ፤ መነሻው ደግሞ ካርታው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የ94ኛው ክልል ቆጠራ ሲጸድቅ ያንሲ በ10 ድምፅ ይመሩ ነበር። ከ23 ሺህ በላይ ድምፅ ከተሰጠበት ውስጥ አሥር። በቨርጂኒያ ሕግ ድጋሚ ቆጠራ በራሱ አይጀመርም፤ የተሸነፈው ዕጩ መጠየቅ አለበት፣ ልዩነቱም ከ1 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሳይመንድስ ጠየቁ። ቆጠራውን ሦስት ዳኞች ያሉት ልዩ ችሎት ይመራዋል። ወረቀቶቹ በማሽን እንደገና ያልፋሉ፤ ማሽኑ ያልተቀበላቸው ወይም አጠራጣሪ የሆኑት ተለይተው በእጅ ይታያሉ፤ የሚያዩትም ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንድ ከዚህ ፓርቲ፣ አንድ ከዚያ ፓርቲ።

ዲሴምበር 19 ቀኑን ሙሉ ተቆጥሮ ሲያልቅ ሳይመንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607 ሆኑ። በአንድ ድምፅ። የሪፐብሊካን ፓርቲ የምክር ቤቱ መሪዎች ሳይቀሩ ለሳይመንድስ የእንኳን ደስ አለዎት መግለጫ አወጡ። ከ17 ዓመት በላይ የቆየ የሪፐብሊካን አብላጫነት አበቃ ተብሎ ዜናው አገር ሞላ። ዕድሜው አንድ ሌሊት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዳኞቹ ውጤቱን ሊያጸድቁ ሲቀመጡ ደብዳቤ ቀረበላቸው። ጸሐፊው በሪፐብሊካኖቹ በኩል ቆጠራው ላይ ከተቀመጡት አንዱ ነው። ትናንት ከዴሞክራቱ ባልደረባው ጋር ተስማምቶ ውድቅ ያደረገው አንድ ወረቀት ሲያሳስበው አድሮ፣ ለያንሲ መቆጠር ነበረበት አለ።

የዚያ ወረቀት ፎቶ በይፋ ወጥቷል፤ እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የቨርጂኒያ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ ዕጩ ስም ጎን እንቁላል ቅርጽ ያላት ባዶ ክብ አለች፤ የምትመርጠውን ሰው ክብ ታጠቁራለህ፣ ከዚያ ወረቀቱን ራስህ ስካነሩ ውስጥ ትከታለህ። ይህ መራጭ ለተወካዮች ምክር ቤት የሳይመንድስንም የያንሲንም ክብ አጥቁሯል። በሳይመንድስ ክብ ላይ ግን አንድ ሰያፍ መስመር ተሠርቶበታል። ወደ ላይ ከፍ ስትል፣ ለአገረ ገዢ የሪፐብሊካኑ የጊለስፒ ክብ ጠቁሯል፤ በዚያ ላይ ደግሞ የኤክስ ምልክት አለ። በሌሎቹ የግዛት መቀመጫዎች የተመረጡት ሪፐብሊካኖች ናቸው፤ እነሱ ላይ ምንም ምልክት የለም።

የሪፐብሊካኖቹ ጠበቆች መስመሩ ስረዛ ነው አሉ፤ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ተሳስተው ሳይመንድስን አጠቆሩ፣ ሰረዙት፣ ከዚያ ያንሲን መረጡ፤ ሌላውም ምርጫቸው ሪፐብሊካን ነውና ሐሳባቸው ግልጽ ነው። የዴሞክራቶቹ ጠበቆች ደግሞ ምልክት ሁሉ ስረዛ ከሆነ ጊለስፒ ላይ ያለው ኤክስ ምንድን ነው? ብለው ጠየቁ። ያ ማጽኛ ከሆነ ይኼስ ማጽኛ የማይሆነው ለምንድን ነው? ደግሞም ሁለቱ ወገኖች የተፈራረሙበት ቆጠራ ካለቀ በኋላ አንዷን ወረቀት ብቻ መዝዞ ማምጣት ተገቢ አይደለም ብለው ተከራከሩ።

ዳኞቹ ድምፁን ለያንሲ ሰጡ። 11,608 ለ11,608።

የራሴን ፍርድ ልናገር። ወረቀቱን ብቻ ካየነው ለያንሲ የተሰጠ ይመስለኛል። ሁለት ክብ አጥቁሮ አንዱ ላይ መስመር የሚያሰምር ሰው ያንን አንዱን እየተወ ነው፤ የእኛም እናቶች ደብተር ላይ ሲሳሳቱ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የሚከብደኝ መንገዱ ነው። በስምምነት የተዘጋ ነገር ማታውን ሁሉም ውጤቱን ካወቀ በኋላ ጠዋት ሲከፈት፣ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ የተሸነፈው ወገን ልብ ውስጥ ጥርጣሬ ይተክላል። በቨርጂኒያ ዳኞችን የሚመርጠው ደግሞ ያው የግዛቱ ምክር ቤት መሆኑ ሲታከልበት ሐሜቱን ማስቆም አይቻልም። ዳኞቹ ላይ አንዳች ጥፋት አልለጥፍም። ሥርዓቱ ግን ራሳቸውን ከሐሜት የሚያድኑበት መንገድ አልሰጣቸውም።

ስለ ወረቀቱ ሌላም ነገር አለ። ቨርጂኒያ በጣት ተነክተው የሚመረጥባቸውን ማሽኖች ከአገልግሎት ያወጣችው ለደኅንነታቸው ሰግታ በሴፕቴምበር 2017 ነበር፤ ከምርጫው ሁለት ወር በፊት። እንዲህ ያለው ክርክር የሚነሣው ወረቀት ሲኖር ነው። ማሽን ሁለት ሰው እንድትመርጥ አይፈቅድልህም፤ ኋላ አውጥተህ የምታየውም ነገር አይተውልህም። ወረቀት ክርክር ያመጣል፤ ክርክሩ ግን ሰው በዓይኑ ሊያየው በሚችለው ነገር ላይ ነው። እኔ ወረቀቱን እመርጣለሁ።

ያ መራጭ ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ማወቅም የለብንም። እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ግን በሚገባ ይገባኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው ምርጫ ከደብራችን አንዲት እናትን ይዤ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄጄ ነበር። እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚቸግረው መራጭ የመረጠው ሰው እንዲያግዘው ሕጉ ይፈቅዳል፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል አይሁን እንጂ ልጁም ጎረቤቱም መሆን ይችላል፤ አንድ ቅጽ ሞልቶ መፈረም ነው። ከለላው ውስጥ ገባን። ስሞቹን አነበብኩላቸው፤ እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው አጠቆሩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ የማልፈልገውን ሰው አጠቆርኩ መሰለኝ።» እስክሪብቶው እየተንቀጠቀጠ ሊሰርዙ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«እማማ፣ አይሰርዙት። ይተዉት፤ ሌላ ወረቀት ይሰጡናል።»

«አይቆጡም?»

«ምን ብለው ይቆጣሉ፤ መብትዎ ነው።»

የጣቢያው ሠራተኛ የተበላሸውን ተቀብሎ አዲስ ሰጠን፤ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። ያን ቀን ስለ ኒውፖርት ኒውስ ያስታወስኩት ይህን ነበር። ያ መራጭ ወረቀት መቀየር እንደሚቻል የሚነግረው ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ፣ ማንንም ይምረጥ ማንንም፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ለክርክር አይጋለጥም ነበር።

ውጤቱ እኩል ሲሆን የቨርጂኒያ ሕግ ዕጣ ይጣል ይላል። በ1971ም ለዚሁ ምክር ቤት አንድ መቀመጫ በዕጣ ተወስኗል። ዕጣው መጀመሪያ ለዲሴምበር 27 ተቀጥሮ ነበር፤ ሳይመንድስ ችሎቱ ውሳኔውን እንደገና እንዲያይ ስለጠየቁ ተላለፈ። ጃንዋሪ 3 ዳኞቹ አንቀይርም አሉ። በማግስቱ ሳህኑ መጣ።

አሜሪካውያን ጋዜጠኞች በዚህ በጣም ተገርመው ነበር፤ በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይሆናል ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልተገረምኩም። ዕጣ እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። በይሁዳ ቦታ ማትያስ ከሐዋርያት የተቆጠረው በዕጣ ነው። ዕቁብ የሚጥል ሁሉ ዕጣ ሲወጣ እንዴት ጸጥ እንደሚባል ያውቃል። የታጠፈችው ወረቀት በሰው ሁሉ ፊት ትከፈታለች፤ ዳኛው ብቻውን አያያትም። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ በኮምፒውተሩ ሥርዓት ላይ ማጭበርበር ተገኝቷል ተብሎ ሲሰረዝ የተሰማን ሐዘን የመጣው ከዚሁ ነው፤ ዕጣ የሚታመነው ሲታይ ነው። የሪችመንዱ ሳህን በካሜራ ፊት፣ በሁለቱም ወገን ፊት፣ በቀን ብርሃን ነበር። በዚህ በኩል ነቀፋ የለኝም።

ዕቁብ ግን አንድ ልዩነት አለው። ዛሬ ያልወጣለት ሰው ገንዘቡ የትም አይሄድም፤ ተራው ይጠብቀዋል። የ94ኛው ክልል ተሸናፊ ሁለት ዓመት መቀመጥ ነበረባቸው፤ የመረጧቸው 11,608 ሰዎችም አብረው። ሳይመንድስ በሕጉ ሌላ ድጋሚ ቆጠራ መጠየቅ ይችሉ ነበር። አልጠየቁም፤ ጃንዋሪ 10፣ ምክር ቤቱ ሥራ በጀመረበት ቀን ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ያን ዕለት ሪፐብሊካኑ ከርክ ኮክስ አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡ።

እንግዲህ ሪፐብሊካኖች አሸነፉ፤ ምን ተቀየረ? ብዙ። ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት የጤና መድን ለማስፋት ለአራት ዓመት የተደረገው ሙከራ ሁሉ በዚህ ምክር ቤት ግድግዳ ላይ ሲጋጭ ኖሯል። በቨርጂኒያ ልጅ የሌለው ጤነኛ ጎልማሳ የቱንም ያህል ድሃ ቢሆን ሜዲኬይድ አያገኝም ነበር። ከ15ቱ መቀመጫ በኋላ ግን ነፋሱ ዞረ። በፌብሩዋሪ 2018 በምክር ቤቱ 19 ሪፐብሊካኖች ከ49ኙ ዴሞክራቶች ጋር ቆሙ። ሜይ 30 የመጨረሻው ድምፅ 67 ለ31 አለፈ፤ ኖርተም ጁን 7 ፈረሙ፤ ከጃንዋሪ 1፣ 2019 ጀምሮ 400 ሺህ ያህል ሰው መብቱ ተከፈተለት። ብቻውን የሚኖር ሰው በዓመት ወደ 17,200 ዶላር ድረስ ቢያገኝ ይገባዋል ተባለ። ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ አረጋውያንን በቤት የሚንከባከቡ ወገኖቻችንን የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር የማንን ቤት እንደሚያንኳኳ ያውቃል። አምስት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ካለ ሐኪም ጋር ለመሄድ ፈርተው የስኳር በሽታቸውን በጸሎት ብቻ የያዙ ሰዎች አውቃለሁ። እነዚያ 19 ሰዎች ሐሳባቸውን የቀየሩት በሳህኑ አይደለም። ኖቬምበር 7 ጎረቤቶቻቸው ሲወድቁ ስላዩ ነው።

አሁን ወደ ሳህኑ ልመለስ፤ ምክንያቱም ታሪኩ በዕጣው አላበቃም። በሜይ 2018 ዋሽንግተን ፖስት የመራጮቹን መዝገብ መርምሮ አንድ ነገር አወጣ። በኒውፖርት ኒውስ 26 መራጮች የ94ኛው ክልል ነዋሪ ሆነው ሳለ መዝገቡ በስሕተት ጎረቤት ክልል ውስጥ አስገብቷቸው ነበር፤ ስለዚህ የተሰጣቸው ወረቀት የሌላ ክልል ነው። የሳይመንድስና የያንሲ ስም እንኳ አልነበረበትም። ሰዎቹ የሚኖሩት አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር በሆነበት፣ ለዴሞክራቶች አብዝቶ በሚመርጥ ጣቢያ ነው። ሃያ ስድስት ሰው። ውጤቱ እኩል የወጣበት ምርጫ ላይ።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያ ሰያፍ መስመር፣ ያ ደብዳቤ፣ ያ ሳህን ሁሉ ዓይኔ ላይ አነሰ። አገር ሙሉ አንዲትን ወረቀት እየገለበጠ ሲመረምር፣ 26 ወረቀቶች ማንም ሳያያቸው በሌላ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ማንም አላጭበረበረም፤ የክልሎች ድንበር ሲሰመር ወይም አድራሻ ሲገባ የሆነ ሰው መንገዱን በተሳሳተ በኩል አስቀመጠው፣ ማንም ደግሞ አላጣራም። መራጮቹም አላወቁም። ወረቀት ሲሰጡህ በላዩ ላይ የሰፈረው ስም የራስህ ክልል ዕጩ ነው ብለህ ታምናለህ፤ ሌላ ምን ልታደርግ ትችላለህ?

ብቻውንም አልነበረም። በዚያው ምርጫ በፍሬድሪክስበርግና ስታፈርድ በኩል በነበረው 28ኛ ክልል 147 መራጮች የተሳሳተ ክልል ወረቀት እንደተሰጣቸው የግዛቱ ምርጫ መሥሪያ ቤት አረጋግጧል። ሪፐብሊካኑ ቦብ ቶማስ እዚያ ዴሞክራቱን ጆሹዋ ኮልን ከድጋሚ ቆጠራ በኋላ ያሸነፉት በ73 ድምፅ ነው። ዴሞክራቶች ምርጫው እንዲደገም ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አልተሳካም። ሕጉ ለተሳሳተ ክብ ማብራሪያ መጽሐፍ አለው፤ ሥዕል ጭምር ያለበት። ለተሳሳተ አድራሻ ግን ምርጫው ካለፈ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ካርታው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። ክልሎቹ የተሣሉት በ2011 ነበር። በዚያ ካርታ ላይ በርካታ ክልሎች መራጭ ለመሆን ከደረሱት ነዋሪዎቻቸው ቢያንስ 55 በመቶው ጥቁር እንዲሆኑ ተደርገው ነበር የተሠሩት፤ ጥቁር መራጮችን አንድ ቦታ ሲያጭቋቸው በጎረቤት ክልሎች ያላቸው ክብደት ይቀንሳል። ቤቱን ሞልተህ ግቢውን ባዶ እንደማድረግ ነው። በጁን 2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት 11 ክልሎች በዘር ላይ ተመሥርተው በሕገ ወጥ መንገድ የተሣሉ ናቸው ብሎ ወሰነ። ከ11ዱ አንዱ 95ኛው ነው፤ የ94ኛው ጎረቤት። የተወካዮች ምክር ቤቱ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ በጁን 17፣ 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ምክር ቤቱ ይግባኝ የማለት ሥልጣን የለውም አለ። አዲሱ ካርታ ጸና።

በኖቬምበር 2019 ሳይመንድስና ያንሲ ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኙ። ከተማዋ ያችው፣ ሰዎቹ እነዚያው፤ የተለወጠው መስመሩ ነው። ሳይመንድስ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ፤ ድጋሚ ቆጠራ የሚያስብ እንኳ አልነበረም። ዴሞክራቶች የተወካዮች ምክር ቤቱን 55 ለ45፣ ሴኔቱን 21 ለ19 ያዙ፤ ሁለቱንም ከአገረ ገዢነቱ ጋር አንድ ላይ ከያዙ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። በጃንዋሪ 2020 አይሊን ፊለር ኮርን በምክር ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ። ከዚያ ምክር ቤት ከወጡት ሕጎች አንዱ በቀጥታ እኛን የሚነካ ነው። በቨርጂኒያ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአምስት ዓመት ጥበቃው በላይ የአሥር ዓመት የሥራ ታሪክ ካላሳየ ሜዲኬይድ አይሰጠውም ነበር፤ ያ ግዴታ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ተነሣ። በዲቪ መጥቶ ስድስተኛ ዓመቱ ላይ ለታመመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልዘረዝርም።

በ2021 መኸር የእኛ ማኅበረሰብ ለአገረ ገዢ ምርጫ ከመቼውም በላይ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። በአገር ቤት ጦርነት ላይ የባይደን መንግሥት በያዘው አቋም የተቆጡ ብዙዎች ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ፤ ያሸነፉትም እሳቸው ናቸው። ቁጣው ይገባኛል። ሰልፍ ላይ ካገኘኋቸው ሰዎች ብዙዎቹን ግን አንድ ጥያቄ ጠይቄአቸዋለሁ፤ በዚያው ወረቀት ላይ ከአገረ ገዢው ሥር ለተወካዮች ምክር ቤት የምትመርጠው ማንን ነው? ክልልህስ ቁጥሩ ስንት ነው? መልስ ያለው ጥቂት ነበር። የኢትዮጵያን ፖሊሲ የሚወስነው ሪችመንድ አይደለም፤ ሪችመንድ የሚወስነው የሐኪም ካርዳችንን፣ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት ገንዘብ፣ የመንጃ ፈቃዳችንን ነው።

ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ይዤ እቀመጣለሁ። የግዛቱ ምርጫ መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ስም፣ የትውልድ ቀንና ሌላ የሚጠየቀው መረጃ ሲገባ፣ በየትኛው አድራሻ እንደተመዘገብክ፣ ክልልህና ጣቢያህ የት እንደሆነ ያሳያል። ፓርቲ አልጠይቅም፤ አድራሻ ብቻ ነው የማየው። ባለፈው አንድ ታክሲ የሚነዳ ወንድሜ መጥቶ ቁጭ አለ። በየምርጫው ሳያሰልስ እንደሚመርጥ እየነገረኝ ቁጥሮቹን አስገባሁ። ስክሪኑን አዞርኩለት። ከሦስት ዓመት በፊት የለቀቀው አፓርትመንት ነው የወጣው።

«ለካ እስከ ዛሬ የምመርጠው ለሌላ ሰው ሰፈር ነው!» አለ።

መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ አዲሱን አድራሻ አንድ በአንድ እየነገረኝ መጻፍ ጀመርን።